ሀያቱ ያላየችው እንግዴ ልጅ

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ከተራራው ግርጌ ባሉት መንደሮች ሀያቱን ማመስገን የፈለገ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከእጇ ፍጥነት ነው። ልጁ ተወልዶ ሴቶቹ እልልታቸውን ሳይጨርሱ እንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከጓሮ እንሰት ሥር ተቀብሮ፣ አፈሩ ተረግጦበታል። ማን አየው? ማንም። ወላዷ አላየችውም፣ አማትየዋ አላየችውም። ሀያቱ ራሷ እንኳ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ አላየችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በእጇ ዳሰሳ ብቻ ነበር የምትጠቀልለው። በዚህ ደግሞ ትኮራ ነበር።

እንግዴ ልጅ ዓይን አይወድም ያለቻት ሙያውን ያወረሰቻት አማቷ ናት። የሰው ዓይን ያረፈበት እንግዴ ልጅ ተቀብሮም አይተኛም፣ የእናቲቱን ደም ወደ ራሱ ይስባል አለቻት። ሀያቱ በአሥራ አምስት ዓመቷ የገባች ሙሽራ ነበረችና አመነች። አማቷ ያለችውን የማታምን ምራት በዚያ ዘመን ገና አልተወለደችም፤ ተወልዳም ከሆነ አፏን ዘግታ ነው ያደገችው።

አማቷ ስትሞት ሙያው ለእሷ ቀረ። ባሏ ሲሞት ደግሞ ከሙያው በቀር ብዙም አልቀራትም። ልጆቿ አዲስ አበባ ገብተው መርካቶ ሱቅ ሲጠብቁ፣ እሷ እንሰቷንና የሰው ምጥ ስትጠብቅ ኖረች። ሙስሊም ቤት ስትገባ «ቢስሚላህ» ብላ ትገባለች። ክርስቲያን ቤት ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እሷም አብራቸው ትጣራለች። አንድ ሼኽ ይህን ሰምተው ቢጠይቋት «ሼኼ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ክርክር ይዤ አልገባም» አለቻቸው ይባላል። እሳቸውም የሚስታቸው ቀን ሲደርስ ከእሷ ሌላ አልጠሩም።

በ1988 ዓ.ም. ከተማ ተጠርታ አሥር ቀን ሠልጥናለች። ምላጭ፣ ክር፣ ሳሙናና ላስቲክ ያለበት ሳጥን ተሰጥቷት፣ ማንበብ ባትችልም የምስክር ወረቀቷን መስታወት ውስጥ አስገብታ ሰቀለችው። የተማረችውን አላባከነችም። እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ምላጩን ትቀቅላለች፣ በእበት የሚለቀለቅ እትብት ካየች ቤቱን በጩኸት ትሞላዋለች። አንድ ትምህርት ብቻ አመለጣት። አስተማሪው የእንግዴ ልጅ ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ሀያቱ ፊቷን አዞረች፤ ሥዕሉ እስኪወርድም መለስ አላለችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። እሷ ግን ሞኝ ሆና አይደለም፤ ከዚያ ሥልጠና አራት ዓመት በፊት ከልቧ ያልወጣ ነገር ደርሶባት ስለነበር ነው።

ነገሩ የሸረፋ ሚስት የአሚኔ ነገር ነው። ደርግ ወድቆ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሚያዝያ 1984፣ አሚኔ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ በማለዳ ያለ ችግር መጣች። እንግዴ ልጁ ግን እምቢ አለ። አሚኔን ጠርሙስ አስነፏት፣ የገዛ ፀጉሯን ጉንጉን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተው ሊያስመልሷት ሞከሩ፣ ሆዷን በቅቤ አሹት። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሀያቱ እትብቱን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ጎተተች። ወጣ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ጎረቤቷ ናጃህ የሞቀ ውኃ ይዛ ገባች። ኮባው ከሀያቱ እጅ አምልጦ ስለነበር እንግዴ ልጁ ራቁቱን መሬት ላይ ነበር። ናጃህ ቆማ አየችው። አፏንም ከፈተች፤ አንድ ነገር ልትናገር ነበር። ሀያቱ ግን «ዓይንሽን ሰብስቢ! ውጪ!» ብላ ጮኸችባት፣ ፊቷን አዙራም ጠቀለለችው።

ከቀትር በኋላ አሚኔ ልጇን እያጠባች ስትስቅ ከሥሯ ደም ፈሰሰ። ቆመ ሲሉት ይፈሳል፣ ፈሰሰ ሲሉ ይብሳል። በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲያወርዷት ጋራው ሳያልቅ ነፍሷ ወጣች።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሀያቱን ከበው ምን ሆነች ብለው ጠየቋት። ሀያቱ ሁለት ቃል ተናገረች፤ «ናጃህ አየችው» አለች። ውሸታም አልነበረችም። የምታምነውን ነው የተናገረችው፣ ልቧም ተሰብሮ ነበር። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ናጃህ ዓይኗ ከባድ ነው ተባለ። ወላድ ያለበት ቤት አትጠራም፤ ጥጃ ሲወለድ እንኳ በረቱ ይዘጋባታል። ሸረፋ ደግሞ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ በሽማግሌ ላከባት። ናጃህ አልተከራከረችም። ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ፣ ከሀያቱ ቤት ሦስት አጥር ዝቅ ብላ ዝም ብላ ኖረች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ2003 ጤና ጣቢያው የአካባቢውን የልምድ አዋላጆች ሰበሰበ። የጠራቻቸው ከቡኢ የመጣች ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስሟ ኢትዮጵያ። የቀበሌው መልእክተኛ በየደጁ እየዞረ «ማክሰኞ ኢትዮጵያ ትፈልጋችኋለች» ሲል ግብር መስሏቸው የቀሩም ነበሩ። ሀያቱ ግን ነጠላዋን አጥባ ሄደች። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አታዋልዱ ሊሏቸው እንደሆነ ሰምታለች፤ አንድ ሁለት ቃል ልትመልስላቸውም ተዘጋጅታ ነበር።

ሲስተር ኢትዮጵያ ግን አልከለከለችም፣ አልተቆጣችም። አግዳሚ ወንበሩን ክብ አድርጋ አስቀምጣቸው መሀላቸው ተቀመጠች።

«እናቶቼ፣ ዛሬ እናንተ ናችሁ የምታስተምሩኝ» አለች። «ልጁ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ሲዘገይ ምን ታደርጋላችሁ?»

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። የሙያ ነገር እንዲህ በአደባባይ ተዘርግቶ አያውቅም። ከዚያ ከሶዶ በኩል የመጣችው ወለተ ሐና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ እትብቱን ጭኗ ላይ በክር አስረዋለሁ።»

«ለምን እማማ?»

«ወደ ላይ ተመልሶ ልቧ ጋ እንዳይገባ ነዋ!»

አንዷ ሳቀች፤ እሷም ብታደርገውም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። አንዷ ጠርሙስ አስነፋለሁ፣ የፀጉሯን ጉንጉን አጎርሳታለሁ አለች። አንዷ ሽንቷን አሸናታለሁ አለች። ሌላዋ ልጁን ወዲያው ጡት አስይዘዋለሁ፣ እሱ ሲጠባ ሆዷ ይሰበሰባል አለች። ሲስተር ኢትዮጵያ የሰማችውን ሁሉ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች።

«ማሸናቱንና ጡት ማስያዙን እኛም ተምረናል። እናንተ ያለ መጽሐፍ ነው ያወቃችሁት። ወደ ላይ ወጥቶ ልብ ጋ አይደርስም እማማ ወለተ ሐና፤ ማህፀኑ የተዘጋ ከረጢት ነው። ጉንጉኑና ጠርሙሱ ደግሞ እናትን ከማድከም በቀር አይረዱም። አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ከቀይ ጨርቅ የሰፋችው ከረጢት ነበር። በውስጡ ደግሞ እንደ ቂጣ የከበበ ሌላ ጨርቅ በልብስ ቁልፎች ተይዟል። ሀያቱ ልማዷ ሆኖ ፊቷን ልታዞር ነበር፤ ኋላ ጨርቅ ነው ብላ ተወችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዴ ልጅ ያየችው እንዲህ ነው።

«እትብቱን በጉልበት ስንጎትተው» አለች ሲስተር፣ ጎተተችም። ክቡ ጨርቅ ወጣ። ከዳር ግን የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቁራጭ ተቀድዳ ከረጢቱ ውስጥ ቀረች። «እናቲቱ ወለደች፣ እንግዴ ልጁም ወጣ ብለን ደስ ይለናል። ይህቺ ግን ቀርታለች። ማህፀኑ እንዳይጨብጥ ይህቺ ትከለክለዋለች፤ ካልጨበጠ ደሙ አይቆምም። ለዚህ ነው ሳንቀብረው ገልብጠን የምናየው። ሸክላ ሲሰበር ገጣጥመን እንደምናየው፣ የጎደለ አለ ወይ ብለን።»

ሀያቱ ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

«ደሙ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ወዲያው ሊሆን ይችላል። ከሰዓታት በኋላም ይመጣል።»

«እናቲቱ እያጠባች? እየሳቀች?»

«እየሳቀችም እማማ ሀያቱ።»

ሌሎቹ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ፤ ሀያቱ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ልትመልስላቸው የተዘጋጀችውንም ቃል ረሳችው። ወደ ቤቷ የወጣችው በእግሯ ነው፤ ባጃጁ እየቆመ «እማማ ግቡ» ሲላት እጇን እያወዛወዘች አሳለፈችው። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአሚኔ እንግዴ ልጅ ሙሉ ነበር ወይስ ጎደሎ? እሷ አላየችውም። በዓለም ላይ ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

በሦስተኛው ቀን ሸረፋ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ የበርበሬ አዝመራ ያደረቀው፣ ጭምት ሰው ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ ሀያቱ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ግባ እንጂ።»

አልተቀመጠም። ያቺ ያለ እናት ያደገችው ልጁ መሕቡባ አድጋ፣ ተድራ፣ አሁን የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። ባሏ ሙባሪክ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ቀርቷታል።

«ያቺ ነርስ ጤና ጣቢያ አምጧት እያለች ሁለቴ መጣችብኝ» አለ ሸረፋ። «እዚያ እንግዴ ልጁን ትሪ ላይ ዘርግተው ያዩታል አሉ። እሷ ታየዋለች፣ ተማሪዎቹ ያዩታል፣ የምታጸዳዋ ታየዋለች። አሚኔን አንድ ዓይን ነው የበላት። እዚያ ስንት ዓይን አለ? አይሆንም። ልጄን ያመጣሻት አንቺ ነሽ፤ የእሷንም አንቺው ታመጪዋለሽ። ደጁን እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ማንም አይገባም።»

ሀያቱ «ኢንሻ አላህ» አለች።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ሀያቱ ከሦስቱ ጉልቻ አጠገብ ተቀምጣ መላ ስትፈልግ ዋለች። አንዱ መላ ቀላል ነበር። ልጅቷን እዚያው ቤቷ ማዋለድ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፊትን ወደ ግድግዳ ሳያዞሩ፣ ገልብጦ አይቶ መቅበር። ማን ያውቃል? ሙሉ ከሆነ በደስታ፣ ካልሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ ብሎ መጮህ። ስሟም አይጎድፍ፣ ልጅቷም ትድን ይሆናል። «ይሆናል» የምትለዋ ቃል ግን አላሳረፈቻትም። አሚኔም ትድን ይሆናል ብለው ነው በቃሬዛ ያወረዷት።

ሌላም ተስፋ ነበራት፤ ይህቺኛዋን ተስፋ ለራሷም ለመናገር ታፍራለች። ምናልባት የአሚኔ ሙሉ ነበር። ምናልባት በእርግጥ ዓይን ይሆናል። ናጃህ ሙሉ ነበር ካለቻት አሥራ ዘጠኙ ዓመት እንዳለ ይቀመጣል፤ ማንም ምንም አይነካም። ይህን ይዛ ነው በማግስቱ ረፋድ ሦስት አጥር ወርዳ የናጃህን በር ያንኳኳችው።

ናጃህ ደጇ ላይ ቆጮ ትከትፍ ነበር። ሀያቱን ስታይ ቢላዋዋን አስቀመጠች እንጂ አልተነሣችም።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለች።

«አልሞተም።»

«ታዲያ አንቺ እኔ ቤት ምን እግር ጣለሽ?»

ሀያቱ ቆማ ተናገረች። ስለ ቀዩ ጨርቅ፣ ስለ ቁልፎቹ፣ ተቀድዳ ስለቀረችው ቁራጭ ነገረቻት። ከዚያ ጠየቀቻት። «ያን ቀን አይተሻል። እኔ አላየሁትም። ምን ይመስል ነበር?»

ናጃህ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ጎደሎ ነበር» አለች። «ዳሩ ተቀዷል። እኔ የከብት ቤት ልጅ ነኝ ሀያቱ። አባቴ ላም ስትወልድ እንግዴ ልጁን በእንጨት ገልብጦ ሳያይ በረቱን አይለቅም ነበር፤ ጎደሎ ከሆነ ላሚቱ ትሞታለች ይለን ነበር። ገብቼ ሳየው ደነገጥሁ። 'ጎደሎ ነው' ልልሽ አፌን ስከፍት አስወጣሽኝ። ውጭ ሆኜም 'ቀርቷል፣ ውስጧ ቀርቷል' ብዬሻለሁ። አልሰማሽኝም?»

ሀያቱ ሰምታ ነበር። አሁን ነው የታወሳት። ከበሩ ውጭ የሴት ድምፅ «ቀርቷል» ሲል ሰምታ፣ ሟርተኛ ብላ በልቧ ረግማ አልፋዋለች። ናጃህ ያላቀረበችላትን ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስሁም» አለች ናጃህ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «መጀመሪያ እናንተን ነበር የምረግመው። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ ግን ቀስ በቀስ አንቺም ትያለሽ። ምናልባት ሙሉ ሆኖ የቀደደው ዓይኔ ቢሆንስ አልሁ። ልጄ ስትወልድ ራሴ አልሄድም አልሁ። ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ አንዳቸውንም ዓመት ሳይሞላቸው አላየሁም። እናታቸው አምጥታ ጭኔ ላይ ስታስቀምጥልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማቅፋቸው። ትሰሚያለሽ? ጨፍኜ!»

ሀያቱ አለቀሰች። ናጃህ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ ቢላዋዋን አንሥታ ቆጮዋን መክተፍ ጀመረች።

«እዚህ የተናገርሽው ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ አውቀው ነበር። የማያውቀው መንደሩ ነው፤ እዚያ ሄደሽ ተናገሪ» አለቻት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሸረፋ ቤት ዱዓ ነበር። መሕቡባን በሰላም ውለጂ ሊሏት ጎረቤቱና ዘመዱ ተሰብስቧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። መሕቡባ ሆዷን አቅፋ ትራስ ተደግፋለች። ተራው ሲደርስ የሁሉም ዓይን ወደ ሀያቱ ዞረ፤ በእንዲህ ያለ ቀን የአዋላጅ ምርቃት ከሁሉ ይበልጣል። ሀያቱ እጇን ዘረጋችና መልሳ አጠፈችው።

«ከመመረቄ በፊት የምለው አለኝ» አለች። «አሚኔን የገደላት የናጃህ ዓይን አይደለም። እትብቱን ጎትቼ እንግዴ ልጁን ቀደድሁት። ቁራጩ ውስጧ ቀረ። ናጃህ አይታ ነገረችኝ፤ ጮኼ አስወጣኋት። እኔ ብሰማት ኖሮ አሚኔን ወዲያው ወደ ከተማ ባወረድናት ነበር። ከዚያ ደግሞ ለቅሶ ላይ ስሟን ጠርቼ አስጨረስኋት። የሰው ወሬ ይዤ አይደለም፤ ከራሷ ከናጃህ ሰምቼ ነው የመጣሁት። አሁን መሕቡባን እኔ አላዋልድም። ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እዚያ ያዩታል። ይዩት! እኔ ስላላየሁት ነው ይህ ሁሉ የሆነው።»

ሸረፋ አንድ ጊዜ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ፤ ለማን እንደተናገረው አልታወቀም። ተነሥቶ ወጣ። ከወንዶቹ አንዱ ሊከተለው ብድግ ሲል ሌላው እጁን ይዞ አስቀመጠው።

ሀያቱን ያናገረቻት መሕቡባ ናት።

«እናቴ ስትሞት ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር ልጄ። ማወቅ ግን እችል ነበር። ነግረውኛል፤ አልሰማሁም።»

ልጅቷ ሆዷን እንዳቀፈች ብዙ አየቻት። አልሰደበቻትም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለቻትም። «ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» ብቻ አለች። ሀያቱ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ወጣች። ምርቃቱን የጨረሰው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ለሀያቱ ሌላ ሆነባት። የውኃ ቦኖው ጋ ስትደርስ ወሬ ይቆማል። አንዳንዱ አዝኖላት ነው፣ አንዳንዱ እኔንስ እንዴት አድርጋኝ ይሆን እያለ የራሱን ሙታን እየቆጠረ ነው። በዚህ ማንንም አልወቀሰችም፤ እሷም ማታ ማታ ስትቆጥር ነበር። ወለተ ሐና ሩቅ አገር ሰምታ «ምን ነካሽ፣ የሁላችንንም ጓዳ ከፈትሽው» ብላ ላከችባት። ሀያቱ «ይከፈት» ብላ መለሰችላት። ያን በመስታወት ያለ የምስክር ወረቀቷን ከግድግዳ አውርዳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

መሕቡባን ምጥ የያዛት ማክሰኞ ረፋድ ነው። ባጃጁ በሀያቱ ደጅ አለፈ፤ አንድም ሰው ወርዶ አልጠራትም። ሸረፋ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ቤቷ አላየም። ሀያቱ አጥሩን ይዛ ቆማ ባጃጁ ከመንገዱ ጥምዝ እስኪሰወር አየችው። ከዚያ ወደ ጓሮዋ ገብታ ሥራ ፈለገች፤ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል መቁረጥ ጀምራ ተወችው። አርባ ዓመት ሙሉ ምጥ በተባለበት ቤት ሁሉ ውስጥ የነበረች ሴት፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ምጥን ከሩቅ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያን ቀን ተማረች። ስንት አማትና ስንት ባል ከደጅ ቆሞ እንዲህ ሆኖ እንደጠበቃት ከዚህ በፊት አስባው አታውቅም ነበር። ዙሁርን ሰገደች። ዐስርንም ሰገደች። አሚኔን በስሟ ጠርታ ለመነች፤ ምን ብላ እንደለመነች ግን ለማንም አልተናገረችም።

ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ስትል የአጥሩ በር ተከፈተ። ናጃህ ናት። ሸማዋን አጣፍታ፣ ሩቅ ቦታ ውላ የመጣች ሰው ትመስላለች። ሦስቱን አጥር ወጥታ እዚህ ቤት ስትገባ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ደህና ናት» አለች፣ ሳትጠየቅ። «እንግዴ ልጁ ትንሽ ዘግይቶባት ነበር፤ ነርሷ መርፌ ወግታት ወጣ። ሙሉ ነው። ሴት ናት ልጅቷ።»

ሀያቱ «አልሐምዱ ሊላህ» ብላ የደጃፏ መደብ ላይ ተቀመጠች። «አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ሸረፋ መጣ። መሕቡባን ጤና ጣቢያ አድርሶ፣ ጋሪ ይዞ ራሱ መጣ። ደጅ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆየ። እኔ ነኝ ተነሥቼ ጋሪው ላይ የወጣሁት።» ናጃህ የሸማዋን ጫፍ አስተካከለች። «ወደ አንቺ አልላከም። ይልካል ብዬም አልዋሽሽም። ገና ነው ሸረፋ፤ ምናልባትም አይመጣም።»

«አይምጣ» አለች ሀያቱ። «ልክ ነው።»

ናጃህ አጠገቧ ተቀመጠች። በመጨረሻ ሀያቱ መጠየቅ የሚገባት መሆኑን እየተጠራጠረች ጠየቀች።

«ልጅቷን አየሻት?»

«አየኋት» አለች ናጃህ። «ገና ደሟ ሳይጠረግ ነው እጄ ላይ ያደረጉልኝ። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ መሕቡባ 'እዪያት እንጂ' አለችኝ። አየኋት። የአሚኔ ግንባር ነው ያላት።»